ተለዋጭ የላፕቶፕ ባትሪ እንዳያከስራችሁ፦ ከመግዣው ቀን እስከ ዋስትናው

አዲስ ተብሎ የተገዛ የላፕቶፕ ባትሪ ሲያስቸግር ሱቁ ዘንድ የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ ብዙውን ጊዜ «ትንሽ ተጠቀሙበት፤ ይስተካከላል» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይስተካከልም። ባትሪ በየቀኑ እየደከመ የሚሄድ ዕቃ ነውና በዘገያችሁ ቁጥር «ሲሸጥልኝም ደካማ ነበር» ብሎ ማስረዳት ይከብዳል፤ «አጠቃቀማችሁ ነው» ብሎ መመለስ ደግሞ ይቀላል። ጊዜ ለሻጩ ያደላል። ይህን የሚያካክስላችሁ ባትሪው እጃችሁ በገባ ሰሞን፣ ገና ሳይከራከሩ፣ ለክታችሁ የያዛችሁት ቁጥር ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ያንን ቁጥር ለመያዝና ሲያስፈልግ ሱቁ ፊት ለማቅረብ የሚረዳ ነው።

1. የአሮጌውን ባትሪ ጽሑፍ ሳታነቡ አትግዙ

የላፕቶፑ ስም ብቻ አይበቃም። አንድ ዓይነት ስም ያለው ላፕቶፕ ሁለት ሦስት ዓይነት ባትሪ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ማገናኛው ወይም የብሎን ቀዳዳው የሚለያይበት ጊዜ አለ። አሮጌውን ባትሪ አውጡና ጽሑፉን ፎቶ አንሡ። የምትፈልጉት የፓርት ቁጥሩን (አምራቹ ለዚያ ባትሪ ዓይነት የሰጠውን መለያ)፣ ቮልቱን፣ ሚሊአምፔር-ሰዓቱንና ዋት-ሰዓቱን ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራሉ።

ቮልቱ እንዲህ ይነበባል። አንድ ሊትየም-አዮን ሴል (ባትሪው ከተሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች አንዱ) በስም 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ነው፤ ሴሎቹ በተከታታይ ሲያያዙ ቮልቱ ይደመራል። 10.8 እና 11.1 የተጻፈባቸው ሁለቱም ባለ ሦስት ተከታታይ ናቸው፤ ልዩነቱ የአጻጻፍ ነው፣ አያስፈራም። 14.4 እና 14.8 ግን ባለ አራት ናቸው። 11.1 የነበረበት ላይ 14.8 ማስገባት አይታሰብም፣ «ይገጥማል» ቢባልም። በአዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ 7.6፣ 11.4 ወይም 15.2 የተጻፈባቸው አሉ፤ እነዚህ ሴሎች ቻርጅ የሚደረጉት ከተለመደው 4.2 ቮልት ከፍ ብሎ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ፈልጉ።

ቀጥሎ አንዲት ማባዛት ሥሩ። ቮልቱ በአምፔር-ሰዓቱ (ሚሊአምፔር-ሰዓቱ ለ1000 ተካፍሎ) ሲባዛ ዋት-ሰዓቱን መስጠት አለበት። 11.1 ቮልት እና 4400 ሚሊአምፔር-ሰዓት ከተባለ 11.1 × 4.4 = 48.84 ነው፤ ባትሪው ላይ 48 ወይም 49 ዋት-ሰዓት ከተጻፈ ጤነኛ ነው። 62 ከተጻፈ ጽሑፉን ያተመው ሰው ራሱ ስለ ባትሪው ግድ አልነበረውም ማለት ነው፤ ውስጡንም እንዲሁ ገምቱት።

ከውጭ የሚነቀለው ወፍራም ባትሪ ከሆነ የተጋነነ ቁጥር ይበዛበታል። በውስጡ ያሉት ክብ ሴሎች 18650 የሚባሉት ናቸው፤ ስፋታቸው 18፣ ርዝመታቸው 65 ሚሊሜትር ነው። በዚህ መጠን በገበያ ላይ ያለው ጥሩ የሚባል ሴል 3500 ሚሊአምፔር-ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ባለ ስድስት ሴል ባትሪ ሦስት በተከታታይ፣ ሁለት ጎን ለጎን ስለሆነ በምንም ተአምር ከ7000 ብዙ ሊያልፍ አይችልም። 9000 የተጻፈበት ባለ ስድስት ሴል ካያችሁ ዋጋውን አትጠይቁ። ሚዛን ካላችሁም መዝኑት፤ አንድ 18650 ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ስድስቱ ያለ ፕላስቲኩ 270 ግራም አካባቢና ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው። ለቀጭኑ የውስጥ ባትሪ ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ እሱን ከአሮጌው ጋር አወዳድሩት።

ስለ «ኦሪጅናል» አንድ ነገር። ላፕቶፑ መመረት ካቆመ ዓመታት ካለፉ፣ «አዲስ ኦሪጅናል» የተባለው ባትሪ ወይ መጋዘን ውስጥ የከረመ ነው፣ ወይ ኦሪጅናል አይደለም። ሊትየም ሳይሠራበትም ያረጃል። ስለዚህ ከአርማው ይልቅ የተመረተበትን ቀን ጠይቁ። አይኢሲ 62133 የባትሪ ደኅንነት ደረጃ ነው፣ ዩኤን 38.3 ደግሞ የማጓጓዣ ፍተሻ ነው፤ አንዱንም የማያነሳ ሻጭ ጥሩ ምልክት አይደለም። ተጽፈው መገኘታቸው ግን ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ማተሚያ ያለው ሁሉ ያትመዋል።

2. ዋስትናውን ከመክፈላችሁ በፊት አስነግሩ፣ አስጽፉም

«የስድስት ወር ዋስትና አለው» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ዋናው ነገር የአቅም መቀነስን ይሸፍናል ወይ የሚለው ነው። ብዙ የባትሪ ዋስትና የሚሠራው ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ብቻ ነው፤ አራት ሰዓት ሊቆይ የሚገባው አንድ ሰዓት ቢቆይ «እየሠራ ነው» ተብሎ ይመለስላችኋል። ስለዚህ «በስንት ወር ውስጥ ከስንት በመቶ በታች ከወረደ ትቀይራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር የማይሰጥ ሻጭ ዋስትናውን የሰጠው ለአፉ ነው።

የሚተካው ባትሪ ዋስትናው እንደ አዲስ ይጀምራል ወይስ ከፊተኛው የቀረው ብቻ ነው? ገንዘብ ይመለሳል ወይስ መለወጥ ብቻ ነው? የመላኪያውን ማን ይከፍላል? ራሳችሁ ብትገጥሙት ዋስትናው ይቀራል? መልሱ ደረሰኙ ላይ ይስፈር፤ ከባትሪው ፓርት ቁጥርና መለያ ቁጥር ጋር። «ባትሪ፣ አንድ» ብቻ የሚል ደረሰኝ ነገ «ይህ የእኛ አይደለም» ለመባል በር ይከፍታል። ባትሪው ላይ የሱቁ ማኅተም ወይም ስቲከር ካለ፣ ሳይነካ ፎቶ ይነሣ።

ሕጉንም እወቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ ዕቃውን ሲያስረክብ ለነበረ ጉድለት ቢያንስ 2 ዓመት ይጠየቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የታየ ጉድለትም በመርሕ ደረጃ ከመጀመሪያው እንደነበረ ይቆጠራል፣ አለመኖሩን ማስረዳት የሻጩ ዕዳ ይሆናል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘብ የመቀበል መብት ይሰጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ የላፕቶፑ አምራች «የሌላ ድርጅት ባትሪ ስላስገባችሁ» በሚል ብቻ የላፕቶፑን ዋስትና እንዳያፈርስ ይከለክላል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ያ ባትሪ ካልሆነ በቀር። ሌላ አገር ያላችሁም የራሳችሁን አገር የሸማቾች ሕግ አንድ ጊዜ አንብቡት፤ «የተሸጠ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ሕግ አይሆንም።

3. አገጣጠሙ

የውስጥ ባትሪ ከሆነ ሻጩ ራሱ ፊታችሁ ቢገጥመው ይሻላል፤ በኋላ «ስትገጥሙ ጎዳችሁት» የሚለው መልስ ያኔ አይኖርም። ራሳችሁ ከሆናችሁ ከማሸጊያው መክፈት ጀምሮ ሳይቋረጥ በስልክ ቅረጹ። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ክዳኑን በፕላስቲክ እንጂ በብረት አትፈልቅቁ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በነበሩበት አቀማመጥ ደርድሯቸው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርዱን ወይም ራሱን ባትሪውን ሊወጋ ይችላል። አሮጌውን ባትሪ፣ ካላበጠ፣ አዲሱ ፈተናውን እስኪያልፍ አትጣሉ።

4. መነሻውን ለኩ

ይህ ክፍል ነው ዋናው።

አዲስ ባትሪ ከማሸጊያው ሲወጣ ባዶም ሙሉም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ወዲህ ለብቻው በአውሮፕላን የሚጫን ሊትየም-አዮን ባትሪ ከ30 በመቶ በላይ ቻርጅ እንዲኖረው አይፈቀድም፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ ሆኖ ቢገኝ ደንበኛ ነው። 0 ሆኖ ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ ግን መጋዘን ውስጥ ብዙ ቆይቶ ሴሎቹ ከመጠን በላይ ወርደዋል፣ ወይም መከላከያው ወረዳ (ባትሪውን ከጉዳት የሚጠብቀው በውስጡ ያለ ሰርኪት) ራሱን ቆልፏል። ያንለት መልሱት። «መጀመሪያ 12 ሰዓት ቻርጅ አድርጉት» የሚለው ምክር ከኒኬል ባትሪ ዘመን የቀረ ነው፤ ለሊትየም ምንም አይፈይድም።

ሙሉ ቻርጅ ካደረጋችሁ በኋላ ላፕቶፑ ስለ ባትሪው ምን እንደሚል አውጡ። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» (ፓወር ከሚለው ቀጥሎ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ሳይለያይ) ብላችሁ ጻፉ፤ አንድ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዘነበለውን ስላሽና «ባተሪሪፖርት» የሚለውን አያይዙ። በብራውዘር የሚከፈት ሪፖርት ይሠራላችሁና የተቀመጠበትን ቦታ ይነግራችኋል። ማክ ላይ የኦፕሽን ቁልፍን ይዛችሁ የአፕል ምልክቱን ተጫኑ፤ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ፓወር የሚለውን ክፈቱ።

ሪፖርቱ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ (ሲሠራ የታሰበለት አቅም)፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን ሲሞላ የሚይዘው) እና ሳይክል ካውንት (ስንት ዙር እንደተሞላና እንዳለቀ)። በእውነት አዲስ የሆነ ባትሪ ሁለቱ አቅሞች ተቀራራቢ ናቸው፣ ሳይክሉም ዜሮ ወይም ጥቂት ነው። ሙሉ አቅሙ ከዲዛይኑ 80 በመቶ የሆነ ባትሪ፣ ማሸጊያው ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ አዲስ አይደለም። ተቃራኒውም ያጠራጥራል። ሁለቱ ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ሆነው ከሳምንታት አጠቃቀም በኋላም ቅንጣት ካልተነቃነቁ፣ ቁጥሩን የሚሰጠው ቺፕ እየለካ ሳይሆን የተሞላለትን እየደገመ ሊሆን ይችላል። ያገለገሉ ሴሎች በአዲስ ቅርፊት ተሸፍነው፣ ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ የሚሸጡበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ቺፑን ብቻ አትመኑ። ሶኬት ላይ የሚሰካ የኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያ ካገኛችሁ ነገሩ ይጠራል። ላፕቶፑን ባትሪው አልቆ ራሱ እስኪጠፋ ተጠቀሙበት፤ ከዚያ ጠፍቶ እንዳለ ቻርጀሩን በመለኪያው በኩል ሰክታችሁ እስኪሞላ ጠብቁ። ቻርጀሩ የተወሰነውን ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው መለኪያው ከባትሪው አቅም በላይ ማሳየቱ የግድ ነው። እንግዲህ 48 ዋት-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ባዶ ሆኖ ጀምሮ 35 ዋት-ሰዓት ብቻ ወስዶ ከሞላ፣ 48 ይዟል የሚል ክርክር አይኖርም። ያልገባ አይወጣም።

መለኪያው ከሌለ ሰዓት ይበቃል። የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ አድርጉ፣ ዋይፋይ አጥፉ፣ እንቅልፍ እንዳይገባ አድርጉ፣ ላፕቶፑ ላይ የተጫነ ቪዲዮ እየተደጋገመ ይጫወት። በየ10 በመቶው ሰዓቱን መዝግቡ። በአማካይ 10 ዋት የሚፈጅ ላፕቶፕ በ48 ዋት-ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ተኩል ከዚያም በላይ መሄድ አለበት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከጠፋ ግማሹ የለም። ይህን ፈተና በዚያው ቪዲዮ፣ በዚያው ብርሃን ከወር በኋላ ድገሙት፤ ሱቅ ውስጥ ክርክር ሲነሣ ከሁሉ የበለጠ የሚናገሩት እነዚህ ሁለት ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

መቶኛው ከ40 ወደ 5 ዘሎ ላፕቶፑ ድንገት ከጠፋ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው መቶኛውን የሚገምተው ቆጣሪ ከባትሪው ጋር አለመለማመዱ ነው። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት፣ እስኪጠፋ ተጠቀሙ፣ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት፣ ከዚያ ሳታቋርጡ ሙሉት። ሁለት ዙር ይህን አድርጋችሁ መዝለሉ ካልቀረ ሁለተኛው ነው፤ ከሴሎቹ አንዱ ደካማ ነው። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ ደካማው ቀድሞ ባዶ ሲሆን መከላከያው ወረዳ ሁሉንም ይቆርጣል፣ ሌሎቹ ገና ኃይል ቢኖራቸውም። ይህ በአጠቃቀም አይድንም።

5. ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሌላውን አጥሩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ባትሪውን ከሳችሁ ጥፋቱ ከቻርጀሩ ሆኖ ቢገኝ ከዚያ በኋላ የምትሉትን ማንም አይሰማችሁም።

60 ወይም 80 በመቶ ላይ ደርሶ የሚቆም ባትሪ ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፤ የላፕቶፑ አምራች ፕሮግራም ወይም ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው የውስጥ ፕሮግራም) ባትሪውን ለመጠበቅ ገደብ አብርቶ ነው። ያንን አጥፉት። ቻርጅ ጭራሽ የማይገባ ከሆነ ቻርጀሩን ቀይራችሁ ሞክሩ። አንዳንድ የዴል ላፕቶፖች ቻርጀሩን በመሐል ባለችው ቀጭን ፒን በኩል ይለያሉ፤ እሷ ከተበላሸች ላፕቶፑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። በዩኤስቢ-ሲ ከሆነ ዋቱ ለላፕቶፑ የሚበቃ መሆኑን እዩ፤ የስልክ ቻርጀር ላፕቶፑን እያሠራ ባትሪውን ላይሞላው ይችላል። ላፕቶፑ ሲበራ ባትሪው እንደማይደገፍና ቻርጅ እንደማይደረግ የሚናገር መልእክት ካወጣ ደግሞ (አንዳንድ ቲንክፓዶች ይህን ያደርጋሉ) ሴሎቹ ጤነኛ ቢሆኑም ላፕቶፑ ባትሪውን አልተቀበለውም። እሱም የሻጩ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ላፕቶፕ ይሆናል ብሎ ነው የሸጠው። መልእክቱን ፎቶ አንሡ።

6. ካበጠ፣ ክርክሩ ይቆይ

ታችፓዱ ብቅ ካለ፣ ክዳኑ ካልገጠመ፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ከተንገዳገደ ባትሪው አብጧል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ፈርሶ ጋዝ ሆኗል። አጥፉት፣ ከቻርጀር ንቀሉት። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ከሚቃጠል ነገር አርቁት። በፖስታም አትላኩት፤ የተበላሸ ሊትየም ባትሪ በአውሮፕላን እንዲጫን አይፈቀድም፤ ሻጩ «ላኩልኝ» ቢል እንኳ ይህን ንገሩትና በፎቶና በቪዲዮ እንዲጨርስ ጠይቁት።

ባትሪው የላፕቶፑ አምራች የራሱ ከሆነ የተጠራ ባትሪ (አምራቹ በጉድለት ምክንያት መልሱልኝ ያለው) መሆኑንም በአምራቹ ገጽ ላይ በመለያ ቁጥሩ አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴል ሶኒ በሠራቸው ሴሎች ምክንያት 4.1 ሚሊዮን ባትሪ ጠርቷል፤ በሴሎቹ ውስጥ የቀሩ ደቃቅ የብረት ብናኞች ውስጡን ሾርት ያደርጉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አፕል በአሜሪካ ብቻ ወደ 432,000 የሚሆኑ ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎችን በባትሪያቸው ምክንያት ጠርቷል። እንዲህ ያለ ጥሪ ከተራ ዋስትና ጋር አይያያዝም፤ ዋስትናችሁ ካለፈ በኋላም ሊጠቅማችሁ ይችላል።

7. ሱቁ ፊት

በቃል ከመሄዳችሁ በፊት በጽሑፍ አሳውቁ። መልእክቱ የተላከበት ቀን በዋስትናው ጊዜ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጥላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ቢያዘገዩ የእነሱ ነው። አጭር ይሁን፣ ቁጣ አይግባበት፦

«ሰላም። በዚህ ቀን፣ በዚህ ደረሰኝ ቁጥር የገዛሁት ባትሪ (ፓርት ቁጥሩና መለያ ቁጥሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል) 48 ዋት-ሰዓት ተብሎ የተሸጠልኝ ሲሆን ሪፖርቱ 31 ያሳያል፤ 38 በመቶ ላይም ይጠፋል። ቻርጀሩን ለውጬ፣ ቆጣሪውንም ከሙሉ እስከ ባዶ አስተካክዬ ያው ሆኗል። ሪፖርቱን፣ ፎቶውንና ቪዲዮውን ልኬላችኋለሁ። በዋስትናው መሠረት እንድትለውጡልኝ ወይም ገንዘቤን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። እስከዚህ ቀን መልሳችሁን እጠብቃለሁ።»

ከዚያ የሚመጡት መልሶች የታወቁ ናቸው። ቴክኒሽያኑ ባትሪውን በቴስተር ለክቶ «ቮልቱ ሙሉ ነው» ሊል ይችላል። ቮልት አቅምን አይናገርም፤ አቅሙ ግማሽ የቀረ ሴልም ቻርጅ ሲደረግ 4.2 ቮልት ይደርሳል። «ላፕቶፑ ላይ ገብቶ እየሠራ እንየው» በሉ፤ የምትጠይቁት ሰዓቱን ነው። «ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ስለምትተዉት ነው» ይባላል። ሙሉ ሆኖና ሞቆ መዋል ባትሪን ማስረጀቱ እውነት ነው፤ ይህ ግን በወራትና በዓመታት እንጂ በሁለት ሳምንት አይሆንም፤ የመጀመሪያ ቀን ሪፖርታችሁ እዚህ ላይ ነው የሚወጣው።

«ትታችሁት ሂዱ፣ እናየዋለን» ካሉ የተቀበሉትን በመለያ ቁጥሩ ጽፈው ይስጧችሁ። ላፕቶፑንም መተው የግድ ከሆነ ፋይሎቻችሁን ቀድታችሁ ከአካውንቶቻችሁ ወጥታችሁ ይሁን፤ ባትሪው ከውጭ የሚነቀል ከሆነ ግን ላፕቶፑን አትስጡ።

የሚሰጣችሁ ምትክ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዚያው ካርቶን ነው፤ ካርቶኑ መጋዘን ውስጥ የከረመ ከሆነ ሁለተኛውም የመጀመሪያው ወንድም ነው። የምርት ቀኑን አወዳድሩ፤ አንድ ከሆነ ሌላ ጭነት ወይም ሌላ አምራች ጠይቁ። ምትኩንም ያንኑ ቀን እንደ አዲስ ለኩ፤ አዲሱ መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይስፈር፣ አለበለዚያ ዋስትናችሁ እጃችሁ ላይ የሌለ ባትሪ ነው የሚሸፍነው። ሁለተኛው ካልሠራ ሦስተኛ አትቀበሉ። ገንዘባችሁን ጠይቁ፤ እየለዋወጡ ወራት ማስገፋት የዋስትናን ጊዜ ለማስጨረስ ቀላሉ መንገድ ነው።

ኦንላይን የገዛችሁ ከሆነ የገዛችሁበት መድረክ (ድረ ገጹ ወይም መተግበሪያው) አቤቱታ የሚቀበልበት ጊዜ ሻጩ ከጻፈው ዋስትና በጣም ሊያጥር ይችላል። ሻጩ «የአንድ ዓመት ዋስትና አለን፣ አትቸኩሉ» እያለ ያንን ጊዜ እንዳያሳልፍባችሁ፤ አቤቱታውን ክፈቱና እየተከፈተ ተነጋገሩ። ንግግሩም በመድረኩ ውስጥ ይሁን፤ በስልክ የተባለውን ማንም አያይም። «ግማሽ ገንዘብ ልመልስ፣ አቤቱታውን ዝጉ» ቢላችሁ ገንዘቡ ሳይገባ አትዝጉ። በካርድ የከፈላችሁ ከሆነ፣ ሁሉም ካልሠራ፣ ባንካችሁ ክፍያውን እንዲከራከርላችሁ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱም ቀነ ገደብ አለው፤ የሚጠይቃችሁም ያንኑ ደረሰኝ፣ ሪፖርትና መልእክት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ባትሪው እናንተ ዘንድ ከቀረ፣ ፈታችሁ ሴል ለመቀየር አትሞክሩ። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስብ ስጡት።